ሁለት ደጅ የጠና ዕፀዋት ለቃሚ፤ ስለ ቪልሄልም ሺምፐር ጽሑፎች

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቡናውን ከፀሐይ የሚጋርዱት ዛፎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከነዚህም መካከል ሰሳንና ብርብራን የማያውቅ የቡና ገበሬ የለም። ሰሳ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ጥላውም ስስ ስለ ሆነ ቡናውን ሳያፍን ይጋርደዋል። ብርብራም እንዲሁ የቡና ጥላ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን የሚያፈዝ በመሆኑ ደግሞ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል።

የዕፀዋት ሊቃውንት ግን ለነዚህ ዛፎች ሌላ ስም አላቸው። ከሰሳ ዓይነቶች አንዱ በላቲን አልቢዚያ ሺምፐሪያና ይባላል። የመጀመሪያው ስም በ18ኛው መቶ ዓመት የዚህን ወገን ዛፍ ወደ አውሮፓ ላስገባው ለፍሎሬንሱ መኰንን ለአልቢዚ መታሰቢያ የተሰጠ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስም ጌዎርግ ቪልሄልም ሺምፐር ለተባለ ጀርመናዊ የቆመ መታሰቢያ ነው። ብርብራንም ክርስቲያን ሆክሽቴተር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሺምፐር ከላከለት ዕፅ ላይ አጥንቶ እ. ኤ. አ. በ1846 ቤሬቤራ ፌሩጊኔያ ብሎ ሰይሞት ነበር። ማለት፣ የእኛን ቃል እንዳለ ወስዶ የላቲን ልብስ አለበሰው። ዳሩ ግን ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ዛፉ አስቀድሞ ሚሌቲያ ከተባለው ወገን ነው ብለው ስለ ፈረዱ ቤሬቤራ የሚለው ስም ተሽሮ ዛሬ ሚሌቲያ ፌሩጊኔያ ይባላል።

ሺምፐር ወደዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር መጥቶ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው በትግራይ፣ በስሜንና በበጌምድር ነው። ነገር ግን እርሱ ያላያት አገር የቡና ጥላ የእርሱን ስም ተሸክማ ስትቀር፣ የአገሬው ቃል ከራሱ ዛፍ ላይ ተፍቆ ቀረ። የሰውየውን ጽሑፎች ፈልጌ እንዳነብ ያነሣሣኝ ይኸው ነገር ነው። ያነበብኋቸውም እንደ ዕፀዋት ሊቅ አይደለም፤ ያ ሙያ የለኝም። ደብዳቤ መጻፍና ደብዳቤ ማንበብ የዕለት ሥራው እንደ ሆነ ሰው አነበብኋቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች እ. ኤ. አ. ካላልሁ በቀር በሀገራችን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሺምፐር እስከ ዛሬ የተባለውን ስናይ ሁለት ዓይነት ፍርድ እናገኛለን። የዕፀዋት ሊቃውንት የለቀመውን ቆጥረው ያመሰግኑታል፤ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት በተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ስሙ በየገጹ ይነሣል። ሌሎች ደግሞ በባዕድ ዓይን ይጠረጥሩታል፤ የመሳፍንትን ጉልት በልቶ የአገሩን ሀብት ወደ ውጭ የላከ ፈረንጅ ነው ይሉታል። ሁለቱም ፍርዶች ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰውየው ነው፤ ጽሑፉን ገልጠው አላነበቡትም። እኔ እንዳየሁት ግን የሺምፐር ጽሑፍ ጥንካሬውም ድካሙም የሚመነጨው ከአንድ ነገር ነው። ሰውየው ዘመኑን ሁሉ በሁለት ደጅ የጠና ሰው ነበረ፤ ጥሩ አድርጎ የጻፈውም ለሁለቱም ደጆች ባልጻፈበት ጊዜ ነው።

ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ፈረንጆች ለዚህ ነገር ትክክለኛ ቃል ያላቸው አይመስለኝም፤ ነገሩ ግን በእነርሱም ዘንድ ነበረ።

ሺምፐር በ1796 ዓ. ም. በባየርን አገር ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ካርል ሺምፐር ስለ ቅጠሎች አሰላለፍና ስለ ጥንቱ የበረዶ ዘመን ባቀረበው አሳብ በሊቃውንት ዘንድ ስመ ጥር ነበረ። ቪልሄልም ግን እግሩና ዓይኑ እንጂ ብዕሩ የታወቀለት ሰው አልነበረም። በዚያ ጊዜ በቩርተምበርግ ግዛት በኤስሊንገን ከተማ ሐኪሙ ኤርንስት ስቶይደልና ሰባኪና መምህር የነበረው ሆክሽቴተር አንድ የጉዞ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አሠራሩ የአክሲዮን ዓይነት ነው። አባሎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በገንዘቡ አንድ ለቃሚ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ለቃሚው ከየዕፁ ብዙ ብዙ ቅጂ አድርቆ በሣጥን ይልካል፤ ማኅበሩም ቁጥርና ስም ሰጥቶ፣ መለያ ወረቀት አሳትሞ፣ ለየአባሉ እንደ ድርሻው ያከፋፍላል። ሺምፐር ለዚህ ማኅበር በአልጄሪያ፣ በግብፅ፣ በሲና በረሃና በዐረብ አገር ከሠራ በኋላ በ1829 ዓ. ም. በምጽዋ በኩል ወደ አድዋ ገባ። የመጣው ለቅሞ ሊመለስ ነበር፤ ሳይመለስ ከ40 ዓመት በላይ ኖሮ በ1871 ዓ. ም. በዚያው በአድዋ ሞተ።

የመጀመሪያው ደጅ እንግዲህ ኤስሊንገን ነው። ይህ ደጅ ሩቅ ነው፤ ሣጥኑ ከአድዋ በበቅሎ ምጽዋ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በግብፅ በኩል ነው አውሮፓ የሚደርሰው። የስዌዝ ቦይ የተከፈተው እ. ኤ. አ. በ1869 ስለ ሆነ፣ ሺምፐር ብዙውን ሥራ በሠራበት ዘመን ዕቃው በግብፅ ምድር እንደ ገና በየብስ መጓዝ ነበረበት። ገንዘቡም መልሱም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ደጅ ቅርብ ነው። ያን ጊዜ ትግራይን የሚገዙት የስሜኑ ባላባት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1823 ዓ. ም. ከሞቱ በኋላ አገሩን ይዘው ነበር። በዘመነ መሳፍንት ያለ ገዢው ፈቃድ መንገድ መሄድ ቀርቶ ቅጠል መበጠስም ያስጠይቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። በ1830 ዓ. ም. የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከአድዋ ተባረሩ፤ ሺምፐር ግን ቀረ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ውቤ እንትጮን ሾሙት። የአገር ሴት አገባ፤ ወለደ፤ ሃይማኖቱንም ወደ ካቶሊክ ለወጠ። በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም እጁ እንዳለበት ይነገራል። ለማኅበሩ ዕፅ ሊለቅም የመጣ ሰው ግብር ተቀባይ ሹም ሆኖ አረፈው።

ለኤስሊንገን የተላኩት ደብዳቤዎች የግል ደብዳቤዎች አልነበሩም። የማኅበሩ ማስታወቂያ ፍሎራ በተባለው የዕፀዋት መጽሔት ይወጣ ስለ ነበር፣ ከአድዋ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ በአክሲዮን ገዢዎች ሁሉ እንደሚነበብ ያውቃል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው እኛ በመሥሪያ ቤት የምንኖር ሰዎች እናውቀዋለን። ሥራው እጅግ አስቸጋሪ መሆን አለበት፤ አለዚያ ገንዘቡ ለምን ዘገየ ብሎ መውቀስ አይቻልም። ውጤቱ ደግሞ እጅግ ተስፋ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ ለሚመጣው ዓመት ማን ያዋጣል? እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለማስታረቅ የሚደክም ጸሐፊ በዙሪያው የሚሆነውን ነገር እንደ ሆነ ለመጻፍ አይችልም።

ለምሳሌ የ1834 ዓ. ም.ን ነገር እንመልከት። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር ደጃዝማች ውቤና ራስ ዓሊ በደብረ ታቦር ተዋጉ። የጦርነቱ አወጣጥ ተረት ይመስላል፤ ራስ ዓሊ ተሸንፈው ሸሹ፤ ውቤ ድል አደረግሁ ብለው ደስታ ላይ ሳሉ ግን ተማረኩ። በኋላ ተለቀው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ እንጂ፣ በዚያ ሰሞን ትግራይ ውስጥ በውቤ ጥላ የኖረ ሰው ሁሉ ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። በአውሮፓ ለሚነበብ የለቃሚ ደብዳቤ ግን እንዲህ ያለው ነገር አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚኖረው፦ ሣጥኑ ይዘገያል። አገር ሲታመስ፣ እህል ሲቃጠል፣ ሰው ሲሰደድ፣ ለአክሲዮን ገዢው የሚነገረው የመዘግየት ምክንያት ሆኖ ነው። ይህን ስል ሺምፐርን መውቀሴ አይደለም፤ ደብዳቤው የሚጻፍለት ሰው ከዚህ ሌላ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። እኔ የምለው፣ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ ሊሸከም እንደማይችል ነው።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ የፓሪስ የተፈጥሮ ሙዚየም ለተወሰነ ጊዜ ረዳው፤ ወደ በርሊንም ለሊቁ ለአሌክሳንደር ብራውን ይልክ ነበር። ደጁ ተለዋወጠ እንጂ ደጅ ጥናቱ አልቀረም።

አሁን ከደብዳቤዎቹ ወደ መለያ ወረቀቶቹ እንለፍ። መለያ ወረቀት ከደረቀው ዕፅ ጋራ የምትጣበቅ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ወረቀት ናት። በሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ እንዲህ ያለች ወረቀት ምን ቦታ አላት? የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ትንሽ ይታገሠኝ።

የመጀመሪያው ክፍል ስብስብ «ፕላንቴ አዶኤንሴስ» ይላል፤ የአድዋ ዕፀዋት ማለት ነው። በየወረቀቱ ላይ የሚገኘው ነገር ጥቂት ነው፤ ቁጥር፣ የላቲን ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀን። ቦታው ግን እንዲያው «አቢሲኒያ» ተብሎ አይታለፍም። ከአድዋ በላይ ያለው የሶሎዳ ተራራ በስሙ ይጠራል፤ ተራራው ብቻ ሳይሆን ጎኑም፣ ማለት ሰሜኑ ነው ወይስ ደቡቡ፣ ይነገራል። ከስሜንም ቧሒትና ስልኪ አሉ። ደብዳቤ ውስጥ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «እኔ» ነው፤ እኔ ደከምሁ፣ እኔ ለቀምሁ፣ ለእኔ ላኩልኝ። በመለያ ወረቀት ላይ ግን «እኔ» የሚባል የለም። ባለቤቱ ዕፁ ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ቦታውና ቀኑ ነው። ለዚህ ነው ወረቀቶቹን በዓመታቸው አሰልፎ የሚያነብ ሰው ደብዳቤዎቹ ያልነገሩትን የሚያገኘው።

እስቲ እናሰልፋቸው። በመጀመሪያ ሶሎዳና የአድዋ ዙሪያ ይመጣሉ፤ ሰውየው እንግዳ ነው፤ ከከተማው አይርቅም። ቀጥሎ ስሜን ይመጣል፤ የውቤ አገር ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ተከፍቶለታል ማለት ነው። ከዚያ የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ. ም. ደጃዝማች ካሣ በደረስጌ ውቤን ድል አደረጉ፤ በሁለተኛው ቀንም ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበውት ነበር በሚባለው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ እስረኛ ሆነው ሞቱ። እንትጮም ከሺምፐር እጅ ወጣች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ. ኤ. አ. በ1860ዎቹ፣ ወረቀቶቹ ላይ በጌምድርና ደብረ ታቦር የሚል ይታያል። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ነበረች፤ መድፍ የሚሠሩት ፈረንጆች የተቀመጡባት ጋፋትም በአጠገቧ ናት። ሺምፐር ንጉሠ ነገሥቱ ከያዟቸው አውሮፓውያን መካከል ነበረ፤ ነፃ የወጣውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላ ስትያዝ ነው። ወረቀቱ ላይ «ተይዣለሁ» የሚል ቃል የለም። ዕፅ፣ ቦታ፣ ቀን፤ ይኸው ነው። የአገራችንን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ግን የቦታውን ስም ሲያይ የሰውየውን ሁኔታ ይረዳል። በ1829 ዓ. ም. በፈቃዱ የመጣ ሰው አሁን የሚለቅመው በተወሰነለት ክልል ነው፤ ቢሆንም ይለቅማል።

ከነዚህ ወረቀቶች የተገኘ ሌላም ነገር አለ፤ ሳነበው ፈገግ አሰኝቶኛል። የፓሪሱ ሊቅ አሺል ሪሻር እ. ኤ. አ. ከ1847 እስከ 1851 ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ኡቢኤያ ሺምፐሪ የሚል ስም ይገኛል። በደጋ ሣር መካከል መሬት ለጥ ብላ የምታብብ ቢጫ አበባ ናት። ስሙን ጮክ ብሎ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የውቤን ስም ይሰማበታል። ሹሙና ተሿሚው፣ ውቤና ሺምፐር፣ በአንዲት አበባ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ውቤ በደረስጌ ሲወድቁ ስሙ ገና ትኩስ ነበረ፤ በኋላ ግን ሊቃውንቱ አበባዪቱን ሃፕሎካርፋ ከተባለው ወገን ስለ ጨመሯት ኡቢኤያ የሚለው ስም እንደ ቤሬቤራ ተሻረ። ሺምፐር የሚለው ስም ግን በየቅጠሉ ላይ ዛሬም አለ። ይህ ፍርድ በሕግ የሚሄድ ነው፤ አስቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል፣ ዘግይቶ የመጣው ይሻራል፤ ማንም ሆነ ብሎ አልበደለንም። ቢሆንም የአገር ቃል በላቲን ልብስ ብዙ እንደማይበረክት ሁለቱ ስሞች ያሳዩናል።

በዚያው ዘመን በሌፌብር ጉዞ የመጡትን ሁለቱን ፈረንሳውያን፣ ካርቴን ዲዮንንና ፔቲን፣ ከሺምፐር ጋራ ማነጻጸር ይጠቅማል። የእነርሱ አሳዳሪ የፈረንሳይ መንግሥት ነበረ፤ ገንዘባቸውም ከሺምፐር ይልቅ የተረጋገጠ ነው። ካርቴን ዲዮን በመረብ በረሃ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን ደግሞ ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሺምፐር የቆየው በኤስሊንገን ገንዘብ አይደለም፤ ቆላው መቼ ንዳድ እንደሚነሣበት፣ ወንዙ መቼ እንደሚሻገሩት የሚያውቅ ቤተ ሰብና ጎረቤት ስለ ነበረው ነው ብዬ አምናለሁ።

የማኅበሩ የአክሲዮን አሠራር ያልታሰበ ጥቅምም ሰጥቷል። እ. ኤ. አ. በመጋቢት 1943 በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ የዕፀዋት ሙዚየሙ ተቃጠለ፤ ብዙ የሺምፐር ስብስብም አብሮ ጠፋ። ነገር ግን ከየዕፁ ብዙ ቅጂ ለየአባሉ ተከፋፍሎ ስለ ነበር በፓሪስም፣ በለንደን አቅራቢያ ባለው በኪውም፣ በሌሎችም ከተሞች ዛሬ ይገኛል። ትርፍ ለማከፋፈል የታሰበው ነገር የሶሎዳን ስም ከእሳት አዳነው።

ይሁን እንጂ የሺምፐር ምርጥ ጽሑፍ መለያ ወረቀቱም አይደለም። በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኝ፣ ስለ ትግራይ የታዘበውን የጻፈበት የእጅ ጽሑፍ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድሬያስ ጌስትሪሽና ዶሮቴያ ማክዩዋን አዘጋጅተውት በለንደን ያለው የጀርመን የታሪክ ተቋም አውጥቶታል። እዚህ ላይ ሰውየው ሸምግሏል። ስቶይደል በ1848፣ ሆክሽቴተር በ1852 ዓ. ም. ሞተዋል። ውቤም የሉም። የሚለማመጠው ሰው ሲያጣ ብዕሩ ተፈታ። አንዱን ዕፅ ይነሣና የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ለምን እንደሚያውለው፣ የትኛው አፈር እንደሚስማማው፣ እንጨቱ ለሥራ ይሆን እንደ ሆነ፣ መድኃኒትነቱስ ለየትኛው ሕመም እንደ ሆነ ይናገራል። ማስዋብ የለበትም፤ ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ደረቅ ነው። ነገር ግን የገበሬውን ቤት ውስጡን የሚያውቅ ሰው ጽሑፍ ነው። የዘመኑ መንገደኞች አብዛኞቹ ስለ መሳፍንቱ ድንኳንና ስለ ግብር አበላሉ ሲተርኩ፣ ይህ ሰው ስለ ማገዶና ስለ ሞፈር ይጽፋል። ስለ ትግራይ ገበሬ ኑሮ ለማወቅ የሚሻ የእኛ ተማሪ ከብዙ የጉዞ መጽሐፍ ይልቅ ይህን ቢያነብ ይጠቀማል።

ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ይህን ሁሉ የነገረው ማን ነው? ሺምፐር ስሙን ይነግረናል እንጂ ሰያሚውን አይነግረንም። የዕፁ ስም ከሰማይ የወረደ ይመስል «ይባላል» ይላል። ማን ይለዋል? እረኛው? ገበሬው? ሥር ማሽ መድኃኒተኛው? ወይስ ሚስቱና ልጆቹ? ይህ አንባቢ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ የሚሆነው ለፍትሕ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጽሑፉ ታማኝነትም ነው። ምክንያቱም ሺምፐር ለብዙ ዓመት ሹም ነበረ። የእንትጮ ገበሬ ለእንግዳ ስለ ዕፅ ሲነግርና ለገዢው ሲነግር አንድ አይደለም። ለሹም የሚነገር ነገር ይመረጣል፤ አንዳንዱ ይቀባል፣ አንዳንዱም ይደበቃል። በተለይ መድኃኒት አዋቂ የዕፁን ምስጢር ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ የሚያወርስ እንጂ ለጠየቀው ሁሉ የሚዘረዝር አይደለም። ስለዚህ ስለ አንዳንድ ሥር በጽሑፉ ውስጥ የምናገኘው ዝምታ የሺምፐር አለማወቅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የአገሬው ሰው እምቢታ ነው። ይህን እምቢታ ለመለየት ተናጋሪውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ሺምፐር ግን ተናጋሪውን ከወረቀቱ ላይ አስወጥቶታል። ደብዳቤ ላይ «እኔ» ብቻ ነበረ፤ ወረቀቱ ላይ ማንም የለም፤ «አንተ» ወይም «እርሱ» የሚባል ሰው ግን በየትኛውም ጽሑፉ በቂ ቦታ አላገኘም።

ለሰውየው ጠበቃ የሚቆም፣ የዘመኑ ልማድ ነው ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የዘመኑ ልማድ ነበረ። ነገር ግን ሺምፐር ከሌሎቹ መንገደኞች የሚለየው በዚህ ነው። ሌላው በስድስት ወር ያለፈ ነው፤ ስም ለመጠየቅ ጊዜም ቋንቋም አልነበረውም። ይህ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ቋንቋውን ያውቃል፤ ልጆቹ የአገሩ ልጆች ናቸው። ከማንም ይልቅ የነጋሪዎቹን ስም ሊጽፍ የሚችል እርሱ ነበረ። በችሎታው መጠን ይጠየቃል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ የዚሁ ነገር ሌላ መልክ እናገኛለን። እ. ኤ. አ. በ1930ዎቹ፣ ከማጂ ብዙ በማይርቀው በጌሻ አካባቢ ካለው ደን የቡና ዘር ተወስዶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተላከ። ዘመኑ የኢጣልያ ጦርነት የመጣበት ዘመን ነበረ። ዘሩ በታንጋኒካ ሊያሙንጉ ከሚባለው ጣቢያ እ. ኤ. አ. በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ ቁጥርም ተሰጠው። ከዚያ ወደ ፓናማ ገባ። እ. ኤ. አ. በ2004 በፓናማው የቡና ውድድር የአንድ እርሻ የጌሻ ቡና አንደኛ ወጥቶ በዚያን ጊዜ ባልተሰማ ዋጋ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ያልገባበት አገር የለም። ከዚህ ሁሉ ጉዞ የተረፈው አንድ የቦታ ስም ነው፤ እርሱንም ፈረንጆቹ አንዳንድ ጊዜ ከጃፓን ሴቶች መጠሪያ ጋራ ያደባልቁታል። የቦታው ስም የተረፈው መለያ ወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ ነው። ዘሩን ከየትኛው ዛፍ መልቀም እንደሚሻል ያመለከተው የደኑ ሰው ስም ግን አልተጻፈም፤ ስለዚህ የለም። ሺምፐር በሶሎዳ የጀመረው አጻጻፍ ጌሻ ላይ እንዲሁ ተደገመ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሸኮ ደን ስገባ ዕፅ ከሚሰበስቡ ወጣቶች ጋራ ተገናኘሁ። ከየት እንደ መጡ መናገር አያስፈልግም፤ ትጉዎችና ትሑታን ነበሩ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን የሚቆርጥላቸው፣ ስሙንም በሸክኛ የሚነግራቸው አንድ የመንደሩ ጎልማሳ ነበረ። ከወጣቶቹ አንዱ ቅጠሉን በጋዜጣ መካከል ካስተኛ በኋላ ወረቀቱን ሞላ። ቁጥር፣ የላቲን ስም፣ የአገር ስም፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ ሰብሳቢ። በሰብሳቢው ቦታ ላይ የራሱን ስም ጻፈ፤ ሐሰትም አልጻፈም፤ ሰብሳቢው እርሱ ነው። ጎልማሳው ገመዱን ይዞ ቆሞ ያያል። ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ወጣቱም ሰማና ብዕሩን አንሥቶ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ፤ የሚጽፍበት መስመር ግን አልነበረም።